ዝም ያለችው ማርሚታ

ባለጥርሱ ይሉታል። የራሱ ጥርስ እንኳ የሚያስቀና አይደለም፤ ከላይ ሁለት፣ ከታች አንድ መንጋጋ ጎድሎታል። ስሙን ያገኘው በሥራው ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ከሚሠራበት ላቦራቶሪ እስከ ጥርስ ሐኪም ቤቶቹ ድረስ በሞተር ሳይክል የሚመላለሰው እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት የበሽተኞቹ ድድ ቅርጽ የወጣበትን ጀሶ ከየሐኪም ቤቱ ይለቅማል፤ ከሰዓት በኋላ ያለቀለትን ጥርስ ይመልሳል። ከሞተሩ ኋላ በታሰረችው ሣጥን ውስጥ በየቀኑ የሃያ ሰው አፍ ይጓዛል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ጥርስ ጠፍቶበት አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ የአንዲትን ሙሽራ የፊት ጥርስ ለአንድ ጡረተኛ አድርሶ፣ ጡረተኛው ለክቶ "ትንሽ ጠበበኝ እንጂ ያምራል" ብሎ መለሰለት እየተባለ ይወራል። ይህ ቀልድ ሲነሳ ድሮ ከሁሉ ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነበር። አሁን ሌሎቹ ሲስቁ አይቶ ነው የሚስቀው፤ ያውም ዘግይቶ።

ነገሩ የጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ የሰዓቱ ደወል ሄደ። ቀጥሎ የወፎቹ ጫጫታ፣ ከዚያ የሴቶች ድምፅ፣ በመጨረሻም የወንዶቹ። ቀኝ ጆሮው ጭራሹን ተዘግቷል፤ ግራው ደግሞ ሰው ተጠግቶ ካልጮኸበት በቀር የሚያቀብለው ጉርምርምታ ብቻ ነው። ለማንም አልተናገረም። "የማይሰማ ሰው ሞተር አይነዳም" ቢሉኝስ ብሎ ፈራ። ሞተሩን ከተቀማ ሥራው ሄደ ማለት ነው፤ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ደግሞ ና ብሎ ሌላ ሥራ የሚሰጠው የለም። እውነቱን ለመናገር፣ ከፍርሃቱ ይልቅ ሐፍረቱ ይበልጥ ነበር። ስለዚህ በሆዱ ያዘው።

መደበቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሰው ሲያወራው ከንፈር ከንፈሩን ያያል፤ ያልገባውን "እሺ" ብሎ ያልፋል። በዚህች "እሺ" የተነሳ አንድ እሁድ የሰፈሩ የፍሳሽ ማስጠረጊያ ኮሚቴ ሊቀመንበር ሆኖ ቤቱ ገባ፤ መመረጡን ያወቀው ደብዳቤው ሲደርሰው ነው። እህቱ ከምትኖርበት ሩቅ ከተማ ስትደውል "ኔትወርክ የለም፣ ኔትወርክ እምቢ አለኝ" ይልና ይዘጋል። ምስኪን ኔትወርክ ባልሠራው ኃጢአት ስንት ጊዜ ተረገመ! እህቱም ሰለቻትና በየወሩ መጨረሻ መልእክት መጻፍ ጀመረች። "ደህና ነህ?" ትላለች፤ "ደህና ነኝ" ይላል። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው ወር ስልኩ ዝም ነው።

ሰው ደግሞ አንድ ክፉ አመል አለው። ሰላምታውን ያልመለሰለትን ሰው "ምናልባት አልሰማ ይሆናል" አይለውም፤ "ኮራ" ነው የሚለው። የጥጉ ባለሱቅ ሁለት ሦስቴ ከኋላው ጠርቶት ዝም ሲባል ሰላምታውን ሰበሰበ። ላቦራቶሪው ውስጥ ጀሶ የሚያቦኩት ሠራተኞች "ባለጥርሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል" ተባባሉና ከእረፍት ሰዓት ጨዋታቸው አስወጡት። እሱ በበኩሉ ሰዎቹ ያለ ጥፋቱ ፊት የነሱት መሰለው። ምን አድርጌያቸው ይሆን እያለ ብዙ ቀን ተብሰለሰለ። አንዱም ሌላውን ሳይጠይቅ እንዲሁ ተራራቁ።

የቀረችው ሞተሯ ነች። ማርሚታዋ፣ ያቺ ጭሱን የምታወጣውና ድምፁን የምታፍነው ረጅም ቆርቆሮ፣ ሆዷን ዝገት በልቶት ሦስት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አውጥታለች። የእሱ ጆሮ በደከመ ቁጥር የእሷ ቀዳዳ ይሰፋል፤ የተመካከሩ ይመስላሉ። ማርሽ የሚቀይረው በእሷ ጩኸት ነው። ከዓለም ድምፅ ሁሉ፣ "እንዴት? ምን አልክ?" ሳይልና ሳያፍር የሚሰማው እሷን ብቻ ሆነ። እሁድ እሁድ የሚሄድበት ሳይኖረው ግቢው ውስጥ ያስነሳትና አጠገቧ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ሩብ ሰዓት ያህል እንዲህ ተቀምጦ ሲያዳምጣት ይቆይና ያጠፋታል።

አከራዩን እትዬን ያቃጠላቸው ይህ የእሁዱ ነገር ነው። እትዬ ሠላሳ ዓመት የስልክ ኦፕሬተር ሆነው የሠሩ፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በፊት ለፊቱ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። እሱ ከጓሯቸው አንድ ክፍል ተከራይቷል። ዕድሜ ልካቸውን "ሀሎ፣ ማን ልበል?" ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸውና ድምፅ ለእሳቸው ቀልድ አይደለም። ድሮ ይጫወቱ ነበር፤ የማን ባል ከማን ጋር በስልክ ተጣልቶ እንደነበር ያወሩለትና አብረው ይስቁ ነበር። አሁን ግን ጠዋት በግቢው ቧንቧ ጎንበስ ብሎ ሲታጠብ ከኋላው ያልፋሉ፤ ቀና ሲል ጀርባቸውን ብቻ ያያል። ማታ ሲመለስም የውጭው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ይጠብቀዋል፤ እሳቸው ወደ ቤታቸው ሲገቡ እንደገና ጀርባቸውን ያያል። በሩን ቀኑን ሙሉ ክፍት የሚተዉት ይመስለው ነበር።

በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጽሑፍ ደረሰው። አንደኛው ከላቦራቶሪው ባለቤት ከዶክተሯ በስልኩ የመጣ ነው። "ሐኪም ቤቶቹ አመልክተዋል፤ አንተ በር ላይ ስትደርስ ወንበር ላይ ያለው በሽተኛ መርፌው ሳይነካው ይዘላል። እስከ ሰኞ ማርሚታህን ካልቀየርክ ሌላ ሰው ልቀጥር ነው" ይላል። ሁለተኛው በበሩ ሥር የገባ፣ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው፤ የእትዬ እጅ ጽሑፍ ያምራል። "ወይ ጩኸቷ ትውጣ፣ ወይ አንተ ውጣ። እስከ እሁድ። በአፌ ብነግርህ ስለማትመልስልኝ ነው የጻፍኩት።"

"መቼ ነገሩኝ?" አለ ብቻውን ክፍሉ ውስጥ ቆሞ። ወረቀቱን ደጋግሞ አነበበው። ሆድ ባሰው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ማርሚታ ሠሪው ዘንድ ሄደ። የሰውዬው ግቢ በሁለት ጋራዦች መካከል የተሰነቀረ ነው። ከላይ በተወጠረ ሽቦ ላይ ማርሚታዎቹ ከትንሿ እስከ ትልቋ ተራ በተራ ተንጠልጥለዋል፤ መሬቱ በብረት ብናኝ ጠቁሯል። ሠሪው አንገቱ አጭር፣ ሽርጡ በእሳት ብልጭታ የተበሳሳ፣ ሲናገር የሚጮህ ሰው ነው። አንዲት ደንብ አለችው፤ ማርሚታ ሳያሰማ አይሸጥም። ሦስት መርጦ፣ እያንዳንዷን ሞተሩ ላይ ገጥሞ፣ አስነስቶ፣ ደንበኛው ሰምቶ ሲመርጥ ብቻ ነው የሚያስራት።

"እኔ ቆርቆሮ አይደለም የምሸጠው፣ ድምፅ ነው!" አለ። ይህችን በግራ ጆሮው ሰማት። ከሰው ሁሉ የሸሸውን ፈተና በገዛ እግሩ መጥቶ ገባበት።

የመጀመሪያዋ አጭር፣ አፏ የተከፈተ፣ ወጣቶቹ የሚሻሙባት ዓይነት ነበረች። ሠሪው ሲያስነሳት ባለጥርሱ ደረቱ ድረስ ተሰማችው። ከአሮጌዋም ትበልጣለች! በመንገዱ የሚያልፉ ሁለት ሴቶች ጆሯቸውን ይዘው ሮጡ፤ ከጎረቤት ጋራዥ አንዱ እጁን እያወናጨፈ ተሳደበ። እሱ ግን ፊቱ በራ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ጥርት ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ይዟት ሊሄድ ልቡ ቆረጠ፤ ወዲያው የእትዬ ወረቀትና የዶክተሯ መልእክት ትዝ አሉት። እጁን አወዛወዘና "ትጮኻለች፣ አይሆንም" አለ። 

ሁለተኛዋ ከሌላ ሞተር የተፈታች አሮጌ ነበረች። ለእሱ እንደ ሩቅ ሳል ተሰማችው። "እሺ" አለ፣ እንደ ልማዱ።

"እሺ ማለት ጥሩ ነች ማለት ነው? ይቺ እኮ ትንኮሻኮሻለች፤ ውስጧ ወልቋል" አለ ሠሪው። ባለጥርሱ ከንፈሩን አይቶ ግማሹን ገመተና ራሱን ነቀነቀ።

ሦስተኛዋ ሠሪው ራሱ የሠራት ናት፤ ወፍራም ላሜራ፣ ውስጧ እሳት በማይበላው ጥጥ ታጭቋል። ጎንበስ ብሎ አሰራት፣ አንድ ነገር ነካካ፣ ተነሳ፣ እጁን በሽርጡ ጠረገ፣ ከዚያም እጁን አጣምሮ ደንበኛውን ማየት ጀመረ። ደንበኛውም እሱን አየው። እንዲህ ሲተያዩ ትንሽ ቆዩ። ሠሪው ቅንድቡን ከፍ አደረገ።

"አስነሳት እንጂ" አለ ባለጥርሱ።

የሠሪው እጅ በነበረበት ቀረ። "ምን አልክ?"

"አስነሳት፣ ልስማት።"

ያን ጊዜ ከማርሚታዋ አፍ ቀጭን ጭስ ሲወጣ አየ። ሞተሯ ከተነሳች ቆይታለች።  ሦስት ዓመት በ"እሺ" እና በ"ኔትወርክ የለም" ሲከልለው የኖረው ነገር፣ እዚህ የብረት ብናኝ ላይ፣ በማያውቀው ሰው ፊት ራቁቱን ወጣ። እግሩ ሂድ ሂድ አለው፤ ግን በየት በኩል? ሞተሯ ላይ የሰው ማርሚታ ታስራለች።

ሠሪው አልሳቀበትም። በቀኙ በኩል መጥቶ አናገረው፤ ፊቱ ላይ ምንም እንዳልተለወጠ ሲያይ ዞሮ በግራው መጣና አፉን አስጠግቶ ጠየቀው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሦስት ዓመት ይሆነኛል።"

"ማን ያውቃል?"

"ማንም።"

"እንግዲህ እኔ አወቅኩ፤ ሰማይ አልተደፋም። እኔም ቀኝ ጆሮዬን ለብረት መቁረጫው ለግራይንደሩ ጩኸት ከገበርኩ ቆይቻለሁ። አይዞህ፣ ጥቅምም አለው፤ ባለቤቴ ልትቆጣኝ ስትነሳ በዚያ በኩል ነው የምዞርላት።"

ከዚያ ከመሣሪያው መካከል አንድ ረጅም ካቻቪቴ አነሳና የእንጨት እጀታውን በሽርጡ ጠረገው። የብረቱን ጫፍ ሞተሩ ላይ አስደገፈ፣ እጀታውን ወደ ባለጥርሱ አፍ አቀረበ፣ በምልክትም "ንከሰው" አለው። አሮጌ መካኒኮች የሞተር ሕመም የሚያገኙት እንዲህ ነው። ባለጥርሱ ዙሪያውን በሐፍረት ቃኘና ነከሰው።

ድምፅ ገባ። በጆሮው አይደለም፤ ከጥርሱ ወደ መንጋጋው፣ ከመንጋጋው ወደ ራስ ቅሉ ገባ። የሞተሯን ምት አንድ በአንድ፣ ሰንሰለቱ ሲላላ የሚያሰማውን ሳይቀር ሰማው። ሦስት ዓመት ሙሉ ጩኸቷን ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ከጩኸቱ ሥር ይህን ያህል ነገር ስታወራ እንደኖረች ረስቶት ነበር። ካቻቪቴውን እንደነከሰ አለቀሰ። ሠሪው ወደ ሽቦው ዞሮ ያልተዘበራረቁ ማርሚታዎችን ማስተካከል ጀመረ።

ሲረጋጋ ተመካከሩ። ሠሪው አንድ መላ ነበረው፤ ማርሚታዋን የሚይዘውን ጎማ አውጥቶ በብረት ቢያስራት፣ ለሰው ዝም ብላ ለእሱ ግን በመርገጫውና በወንበሩ በኩል ትነዝርለታለች።

ባለጥርሱ አሰበበት። ዓይኑ ኋላ ወደታሰረችው ሣጥን ሄደ።

"አይሆንም። ጀሶው ይሰነጠቃል። የሰው ጥርስ ነው የያዝኩት።"

"እና ዝም ያለችዋን?"

"ዝም ያለችዋን።"

ሠሪው ጎማውን እንዳለ አድርጎ አሰራት። አሮጌዋን ማርሚታ ከቁርጥራጩ ክምር ላይ ሲጥላት ባለጥርሱ ወደ ሌላ በኩል አየ። ሊሄድ ሲል ሠሪው ካቻቪቴውን በኪሱ ከተተለት። "ስትናፍቅህ ንከሳት" አለው። ቀጥሎም ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። "ሐኪም ዘንድ ሂድ። ከዚያ በፊት ግን ለቤትህ ሰው ንገር።"

"የቤቴ ሰው የለም።"

"እንግዲያው በር ለሚከፍትልህ ሰው ንገር።"

"በሩ ክፍት ነው የሚጠብቀኝ" አለና ሄደ።

መንገዱ ለእሱ ሌላ መንገድ ሆነ። ማርሽ መቼ እንደሚቀይር ጠፋው፤ ሞተሯ ስትንገጫገጭ ነው ማርሿ እንደበዛባት የሚያውቀው። አንድ መብራት ላይ ጠፍታበት ሳያውቅ ነዳጅ ሲሰጥ ቆየ፤ የገባው ከኋላ ያለው ሾፌር ወርዶ ትከሻውን ሲነካው ነው። ሰውና መኪና በዙሪያው ይንቀሳቀሳል፤ ሁሉም ከመስታወት ወዲያ ያለ ይመስላል። እስከ ዛሬ ብቸኛ እንደሆነ ያስብ ነበር። ለካ እስከ ዛሬ ሁለት ነበሩ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሰፈሩ ደረሰ። በሩ ተዘግቷል።

ሲመለስ በሩን ተዘግቶ አግኝቶት አያውቅም። መቀርቀሪያው በውስጥ በኩል ነው፤ ቁልፍ የለውም፣ አስፈልጎትም አያውቅም። በእጁ ገፋው፤ አልተነቃነቀም። እስከ እሁድ ብለው ነበር፤ ቅዳሜን ሳይጨርሱ ጨከኑብኝ ማለት ነው ሲል አሰበ። ማርሚታዋን እንደቀየረ እንኳ አልጠየቁትም። አንኳኳ። ጠበቀ። ደግሞ አንኳኳ። ከውስጥ ሰው ቢመልስለትም ባይመልስለትም ለእሱ አንድ ነው።

በመጨረሻ በጉልበቱ ተንበረከከና በበሩ ሥር አየ። ቅርብ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ የእትዬ ነጠላ ጫማዎች በሩን ፊት ለፊት ገጥመው ቆመዋል። እዚያው ናቸው! ቆመው እያዩ አልከፍትም ብለዋል! ደሙ ፈላ። ተነስቶ በጡጫው ሊደበድበው እጁን ካነሳ በኋላ ግን ቅድም በበሩ ሥር ያየው አንድ ነገር ትዝ አለውና ደግሞ አጎነበሰ። ከጫማዎቹ አጠገብ የእንጨት ጫፍ አለ፤ ዱላ ነው። ጫፉ ይንቀጠቀጣል።

የተቆጣ ሰው ዱላ አያንቀጠቅጥም። ፈርተው ነው።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተራ በተራ ገባው። በሩ አንድም ቀን ክፍት ተትቶ አያውቅም። ያቺ ቀዳዳ ማርሚታ ከሦስት መታጠፊያ ላይ ስትጮህ እየሰሙ፣ እያጉረመረሙ ወጥተው፣ ከፍተውለት ነው የሚገቡት፤ በየቀኑ፣ ከተኳረፉ በኋላም ጭምር። ዛሬ ጩኸት አልመጣም። ዛሬ የመጣው በሩን እየደበደበ ማንነቱን የማይናገር ሰው ነው። እትዬ ደግሞ ሠላሳ ዓመት የሠሩትን ሥራ እየሠሩ ነበር፤ ኋላ እሳቸው እንዳወሩት ስምንት ጊዜ "ማን ልበል?" ብለዋል።

ተነስቶ ቆመ።  "እኔ ነኝ" ማለት ብቻ አይበቃም፤ የሚቀጥለውን ጥያቄ አይሰማም።

"እኔ ነኝ እትዬ! ማርሚታውን ቀይሬ ነው!" አለ። የራሱን ድምፅ መጠን አያውቀውም፤ ለጥንቃቄ ጨመረበት። "የሚሉኝን አልሰማም! ጆሮዬ አይሰማም! ሦስት ዓመት ሆነው፣ አልሰማም!"

ከመንገዱ ማዶ መስኮት ተከፈተ። የጥጉ ባለሱቅ ከመደርደሪያው ኋላ ብድግ አለ፤ እጁ ላይ የያዘውን ሚዛን ረስቶታል። ለእህቱ እንኳ ያልነገራትን ነገር ሰፈሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሰማው። ባለጥርሱ ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ ቆየ።

ብረቱ በግንባሩ በኩል ሲነዝር ተሰማው። መቀርቀሪያው ነው። በሩ ተከፈተ።

እትዬ ዱላቸውን እንደያዙ ከእግር እስከ ራሱ አዩት፤ ቀጥሎ ሞተሯን፣ ቀጥሎ አዲሷን ማርሚታ አዩ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ እጃቸውን ወደ ሁለቱ ጆሮዎቹ ተራ በተራ ጠቆሙ። ግራውን አሳያቸው። ቀርበው፣ በእግራቸው ጣት ቆመው፣ አፋቸውን ጆሮው ላይ አደረጉ።

"ታዲያ ጠዋት ጠዋት ቧንቧው ጋ፣ 'እንዴት አደርክ' ስልህ?"

"ይሉኝ ነበር እንዴ?" አለ።

እትዬ አንድ ዓመት ሙሉ ብለውታል፤ በየጠዋቱ፣ ከኋላው፣ ውሃው እየፈሰሰ። ከዚያ ነው ኮራብኝ ብለው የተዉት። ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ትከሻውን ይዘው አጎነበሱት። ድሮ በተበላሸ መስመር ላይ ሩቅ ከተማ ያለውን ሰው በሚጠሩበት ድምፃቸው፣ በዚያ ፀሐይ በገባችበት ሰዓት፣ ጮኹበት።

"እንዴት አደርክ!"

"ደህና አደርኩ፣ ይመስገን" አለ ባለጥርሱ። "እርስዎስ፣ እንዴት አደሩ?"